ሐያትን ማን ይቀበላታል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ከልጅ ልጄ ከሐያት ጋር የጃፓኑን ካርቱን አየን፤ ዘፋኝ ለመሆን የሚመኙ ልጃገረዶች ታሪክ ነው። እሷ የምትወዳትን፣ ጸጉሯ ሐምራዊ የሆነችውን «ያቺ ቀይ ሽንኩርት» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ዛሬ ሽንኩርቷ መድረክ ላይ ግጥሙ ጠፍቶባት ደርቃ ቀረች። ሳላስበው «ምን ያፈዛችኋል? ተቀበሏት እንጂ!» ብዬ ጓደኞቿ ላይ ጮህኩ። እኛ ወሎ መንዙማ ስንል አውጪው ቢደናቀፍ ተቀባዮቹ በጭብጨባ ያሻግሩታል፤ ብቻውን የሚያፍር የለም።

ሐያት ስትስቅ ቆየችና ድንገት ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እኔን ግን ማን ይቀበለኛል?»

ነገ ለትምህርት ቤቷ የዘፈን ቡድን ትፈተናለች። ወላጆች ባሉበት ብቻዋን ቆማ ነው የምትዘፍነው።

«ልምጣ?» አልኳት።

«በፍጹም! ያሳፍሩኛል።» ጥቂት አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ከመጡ ግን ከኋላ ይቀመጡ፤ እንዳያጨበጭቡ!» አለችኝ።

እሺ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። ግን ልጄ መሀል ላይ ቃሉ ከጠፋባት፣ እነዚህ እጆቼ ዝም ይላሉ ብዬ አልምልም።