ኮባ የለበሰው ቅቤ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ጠጅቱ፣ እምድብር።

እማዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ ጣሪያውን አላፈሰሰብዎትም? ወንድሜ ዘነበ፣ ሚስቱና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና ባለቤቴ በድሉ ልደታ ማርያም ትመስገን ደህና ነን። የአባባ ጤና ግን እንደ ሌላው በሰላምታ ጠይቄ የማልፈው አይደለም፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሳቸው ነው።

እባክዎ እማዬ፣ ደብዳቤው እንደተነበበልዎ የላክሁትን ቅቤ ለአባባ ማጠጣትዎን ያቁሙ። ሌላም ሰው አይቅመሰው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። በሽታ ላሞቻችንን ከጨረሰ ወዲህ፣ ገጠር ከከተማ ቅቤ የሚጠብቅበት ዘመን መጣ ብለን ስቀን ነበር። አባባ ለደረታቸው ሕመም በየማለዳው የሚጠጡትን ቅቤ የምገዛው ከጎረቤታችን ከአቶ ፈቃደ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ገበያ ቅቤ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልክ እንደ አገራችን በኮባ ጠቅልለው ያመጡልኛል። ኮባውን ሳይ አገሬ ትዝ ይለኝ ነበርና መች ጠረጠርሁ!

አቶ ፈቃደ ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ እንደቆሙ ወድቀው ሞቱ። ከዚያ በፊት ግራ እጃቸውን ያሻሹ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥም አብዝተው ነበር። እኛ እርጅና ነው አልን። ከለቅሶው በኋላ ሚስታቸው ወይዘሮ መሰለች ጓዳ ጠርታኝ ከአልጋው ሥር የተደረደረ ባዶ ቆርቆሮ አሳየችኝ። ፋብሪካ ዘይት አርግቶ ቅቤ የሚያስመስለው ነገር አለ፤ እሱ ነው። ለሽታ ያህል እውነተኛ ቅቤ ጣል አድርገው እያሹ በኮባ ይጠቀልሉት ነበር። እነሱ ቤትም የሚበላው ይኸው እንደነበር ነግራኝ አለቀሰች። ሐኪሙ የረጋ ስብ የደም ሥር ይደፍናል ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። እሳቸው ግን ይህ ዘይት እንጂ ስብ አይደለም እያሉ ይከራከሩ ነበር አለች።

ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን ሟችን ምን ብለው ይቆጡታል? ቤቴ ገብቼ የቀረውን ኮባ ፈትቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥሁት። የእርስዎ ቅቤ ቢሆን ወዲያው በቀለጠ። ይህ እስከ ቀትር እንደ ሻማ ተገትሮ ዋለ። ድመቷ እንኳ አሽትታ ተወችው።

እማዬ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ያለፈው ደብዳቤዎ ነው። አባባ ተሽሏቸዋል፣ ማቃሰት ትተዋል፣ ፀሐይ ላይ ዝም ብለው ይውላሉ፣ ግራ እጄን ደነዘዘኝ ከማለት በቀር ደህና ናቸው ብለው አስጽፈውልኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ቅቤውን እንዳያስታጉሉ መለስሁልዎት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ላይ ግን የደረሰው ያልፈራሁት ነው።

ዛሬውኑ በቃሬዛም ቢሆን ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። ፖስታ እንዳይዘገይ ብዬ ደብዳቤውን በእህል መኪና ለሚመጣው ለአገራችን ልጅ ለባፈና ሰጥቼዋለሁ። የእርስዎን መልስ ሳይዝ እንዳይመለስ ብዬዋለሁ።

ዘነበንና ሚስቱን ሰላም ይበሉልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። አክስቴን ወለተሰንበትን በጸሎትሽ አትርሺን ብላለች ይበሏት። ለአባባ ሰላምታዬን ሲነግሩልኝ ግራ እጃቸውን ይዘው ይሁን። እጃቸው ሙቀት ካለው ለባፈና ይንገሩት፤ ሌላው ወሬ ይቆየኝ።

ልጅዎ ትርንጎ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.