ለሃምሳ ሁለት ኪሎ የሚሆን ጎማ

ለምሳሳልሽ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ መንቋቋቱን ተወ? የእማዬ ዓይንስ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዴት ሆነላት? አባባ አሁንም ራዲዮኑን ለጎረቤት ሁሉ ይከፍተዋል? ትልቋ ልጅሽ ከፈተናዋ፣ ትንሹ ከጥርስ ሕመሙ ተገላገሉ? እኔ እጄም እግሬም ደህና ነው። የቀረውን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ድምፄ እምቢ ስላለኝ ነው ወረቀት የያዝኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ለእማዬ ግን ጮክ ብለሽ አታንብቢላት።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ታገሺ፣ ወንድ ልጅ ሲከፋው ወጣ ይላል፣ ሲበርድለት ይመለሳል» ብለሽኝ ነበር። አባባም የባለቤቴን አጎት ሊያነጋግር መነሳቱን ጽፈሽልኛል። ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ተስፋ ነው የኖርኩት። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ሞኝነቴን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም።

ብስክሌት ጥገና ቤት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ባሌ ሎጋው ደግሞ (በቁመቱ ያወጣችሁለት ስም እዚህም ጸንቶበታል) የአስፋልት ብስክሌቱን የሚነዳው በሃያ ሦስት ሚሊ ጎማ ነበር፤ የአውራ ጣቴን ያህል የምትቀጥን፣ እንደ ድንጋይ እስክትጠነክር በአየር የምትነፋ። ቀጭን ይፈጥናል ባይ ነው። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ነዘነዝኩት፤ መንገዱ ለስላሳ ካልሆነ ቀጭኑ ይነጥራል እንጂ አይፈጥንም፣ ሰፋ ያለው አየሩ ቀነስ ብሎ መንገዱን ይይዛል፣ ወገብም አይቆርጥም እያልኩ። እራት ላይ ሳይቀር በዚህ ተጨቃጭቀናል። እሱ «የሰነፍ ጎማ» ይለዋል፣ እኔ ደግሞ እሱን «ችኩል ወገብ» እለዋለሁ፣ ከዚያ እንስቃለን። ለካ ደስታዬ እሱ ነበር፣ እህቴ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ብስክሌቱን እየገፋ ሥራ ቦታዬ መጣ። የኋላ ጎማው አልቆ ሸራው ታይቷል። ሁለቱንም ቀይሪልኝ፣ የሚገባውን ያህል ሰፊ አድርጊው አለኝ። ደስታዬን ባየሽው። ሰባት ዓመት የተከራከርኩት ሰው በመጨረሻ ሰማኝ አልኩ። ሠላሳ ሁለቱን ብሞክር ከፍሬኑ ጋር ተፋተገ፤ ሃያ ስምንቱ ግን ሁለት የክብሪት እንጨት የሚያሳልፍ ክፍተት ተወ። ከሱቁ ምርጡን አወጣሁለት፣ ቸርኬውን ወለወልኩ፣ አየሩንም በእሱ ሰባ ስምንት ኪሎ ልክ የአየር መለኪያው ሰማንያ ሲያሳይ አቆምኩት። ጎማውን በድንገት ሰፊ የሚያደርግ ሰው ሩቅ የሚሄድ ወይ ጓዝ የሚጭን መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ለደንበኛ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። በባሌ ጊዜ ግን አልታየኝም። በማግስቱ ሻንጣውን ከኋላ አስሮ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ «ጭንቅላቴን ላሳርፍ፣ ጊዜ ስጪኝ» የሚል ወረቀት አገኘሁ። አሰናድቼ የሸኘሁት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ከረመ። ባለፈው ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ሰላም ነሽ ወይ ይልና፣ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሃያ አምስት ይሻላል ወይስ ሃያ ስምንት፣ አየሩስ ስንት ይሁን ብሎ ይጠይቃል።

ሰባ ስምንት ኪሎ የነበረ ሰው በሦስት ወር ሃምሳ ሁለት ገባ? የሚያበስልለት የለም፣ ታሞ ይሆናል፣ ነይ ሊለኝ ፈልጎ አፍሮ ነው በጎማ የጀመረው ብዬ በአንድ አፍታ ሁሉንም ይቅር አልኩት። ባለሱቁን ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ወዴት እንደምሄድ እንኳ ሳላውቅ የአውቶቡስ ሰዓት አጣራሁ። ታመህ ነው እንዴ፣ ያለህበትን ንገረኝና ልምጣ ብዬ ጻፍኩለት።

«ለእኔ አይደለም» ብሎ መለሰ።

እዚያው መንፊያው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ ልጁ የሚያየኝ ሽማግሌው ባለሱቅ ስልኩን ከእጄ ወስዶ አነበበና «ሃያ ሦስት ይሁንላት በይው፣ አየሩንም መቶ ሃያ፤ ጥርሷ እስኪረግፍ ያንገጫግጫት» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞሮብኝ ደንበኞቹ ፊት ተዋረድኩ።

ጎማ ላይ ግን መዋሸት አልሆነልኝም። እርጥብ አስፋልት ላይ ተንሸራተው ክንዳቸውን አስረው የሚመጡ ሰዎች አይቻለሁ። የእሷ አጥንት ቢሰበር የእኔ ቤት አይጠገንም። ሃያ ስምንት አድርግላት፣ ከመግዛትህ በፊት ፍሬኑ እንደሚያሳልፍ ለካ፣ ከፊት ሃምሳ አምስት ከኋላ ስልሳ ይበቃታል፣ አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታልና ኩርባ ላይ ቀስ ትበል ብዬ ጻፍኩ። እሺ፣ አመሰግናለሁ አለኝ። በጎማ ነገር እሺ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስለዚህ አባባ አጎትየውን ማነጋገሩን እንዲተው ንገሪው። በሽምግልና የሚፈታ ጠብ የለንም፤ ሰውየው ሄዷል። እኔም መጠበቁን ትቻለሁ። ትቻለሁ ልበል እንጂ በር በተንኳኳ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፤ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አባባን፣ ልጅህ ሥራዋ ላይ ናት፣ አንገቷን አልደፋችም በይው። ትልቋን በርቺ በያት፤ ትንሹን ጥርሱ ባልታመመበት በኩል ጉንጩን ሳሚልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ። የሎጋውን እናት መንገድ ላይ ካገኘሻት ደግሞ ፊትሽን አታዙሪባት፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም፣ ሌት ተቀን የልጇ ነገር ነው የሚያስጨንቃት። ደህና ነው፣ አልከሳም በያት።

የምትናፍቅሽ ታናሽሽ

ከጥገና ቤቱ የኋላ ክፍል
የካቲት 9 ቀን