ጠብ የሌለበት የዘይት ቅየራ

ውድ ወንድምዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው። ሐኪሙ ከከለከለህ ነገሮች ውስጥ ሳቅ እንደሌለበት ባለቤትህን በስልክ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ ለልብህ ሳልሳሳ እጽፋለሁ። ለመሆኑ ያቺ ልብህ እንዴት ናት? ደረጃ ስትወጣ አሁንም ታስቸግርሃለች? ወይስ አደብ ገዛች?

ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ እንደምትቆጣ ስለማውቅ ዋናውን ወሬ አስቀድሜዋለሁ፦ ዘይት ቀየርኩ። ከነፊልትሮው። ብቻዬን። አንዲት ጠብታ እንኳ መሬት አልነካችም።

ማመን አቅቶህ መነጽርህን ስትወለውል ይታየኛል። አዎ፣ የእኛኑ አሮጌ አውሮፕላን ነው የምልህ። ፊልትሮው ከሞተሩ ጀርባ በጎኑ የተጋደመው፣ ገና ፈታ ሲያደርጉት ዘይቱን የፊት ጎማው ላይ የሚለቀው፣ «ይሄን የሠራ ሰው ልብሱን ራሱ አጥቦ አያውቅም» እያልክ ስትረግመው የኖርከው አውሮፕላን።

ያንን ሁሉ ዓመት ታስታውሳለህ? በየሃምሳ የበረራ ሰዓቱ ዘይት የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ጎረቤቶቻችን የአውሮፕላን ማቆሚያ ሃንጋራቸውን በር ይዘጉ ነበር፤ ዘይቱን ፈርተው ሳይሆን የእኛን አፍ ፈርተው። ያልሞከርነው ነገር የለም። ካርቶን አነጠፍን፣ የልጅ ዳይፐር ጠቀጠቅን፣ አንድ ቀን ደግሞ አንተ የባለቤትህን አዲስ አንሶላ ሳትጠይቃት ይዘህ መጣህ። ዘይቱ ካርቶኑንም አንሶላውንም ስቶ ቀጥ ብሎ ጫማህ ውስጥ ገባ። «አንቺ ነሽ ያልያዝሽው!» «አንተ ነህ የቸኮልከው!» «እጅሽ የት ነበር?» «ዓይንህስ?» ከዚያ ሻይ እስኪደርስ ሆድና ጀርባ ሆነን እንቀመጣለን። ሻዩ ሲመጣ መጀመሪያ የምትስቀው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። ያን ሳቅህን እወደው ነበር፤ ነግሬህ ግን አላውቅም።

እንግዲህ አንተ ወደ ልጅህ ከተማ ከሄድክ በኋላ ደውለህ ያልከኝን አልረሳሁም። «በቃ ሽጪው። እኔ አልበርም፣ አንቺ ከመሬት ተነስተሽ አታውቂም። ለማን ነው የሚቀመጠው? ለአይጥ?» አልከኝ። «እሺ» አልኩ። ድምፅህ ውስጥ እንዲያ ያለ ተስፋ መቁረጥ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክንፉ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን የምነግርህ እንድታዝን አይደለም፤ ወደ ሳቁ ስንደርስ ከየት እንደመጣሁ እንድታውቀው ነው።

ቃሌን ጠብቄ ገዢ ፈለግሁ፣ ተገኘም። አንድ እንጨት ነጋዴ ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ከደን ወደ ደን በመኪና መንገላታት የሰለቻቸው ሰው። ቅዳሜ መጥተው ሊያዩት ተስማማን። እንግዳ የሚመጣበት ቤት መጠረጉ አይቀርምና ዘይቱን ልቀይር ተነሳሁ።

ሞተሩን አስነስቼ ዘይቱ ሞቅ እስኪል አቆየሁት። አጠፋሁና ከሥር ማፍሰሻው ላይ ጎማ ቱቦውን ሰክቼ ወደ ጀሪካኑ ለቀቅሁት። እስከዚህ ያለውን እኛም እናውቅበት ነበር። ጉዱ ፊልትሮው ነው። መፍቻውን ይዤ እንደ ልማዳችን ልጠመዝዘው ስል ከጎናችን ካለው ሃንጋር የበረራ አስተማሪው ድምፅ መጣ፤ ተማሪውን «ቀስ! ቀስ በቀስ!» ይለዋል። ይህ ሰውዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ሲያበዛብህ ጊዜ «እንቁላል» ብለህ ስም ያወጣህለት ነው። ራሱ መላጣ መሆኑም ሳያግዝህ አልቀረም።

እኔም ምን ቸገረኝ አልኩና ቀስ አልኩ። ፊልትሮውን በጣም ጥቂት ብቻ ላላ አደረግሁት። ወዲያው ትልቅ ፌስታል አለበስኩትና አፉን ከሥሩ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ከፌስታሉ በታች ደግሞ ለሁለት የተሰነጠቀ የውሃ ፕላስቲክ እንደ አሸንዳ አጋድሜ ጫፉን ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ፤ ፌስታሉ ቢከዳኝ ብዬ። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ሄጄ ሻይ ጠጣሁ።

ምስጢሩ ይኸው ነው ወንድምዓለም። እኛ ሻዩን የምንጠጣው ከጥሉ በኋላ ነበር፤ ለካ መጠጣት የነበረብን ከመፍታታችን በፊት ነው። ተመልሼ ስመጣ ዘይቱ በራሱ ጊዜ ፌስታሉ ውስጥ ወርዶ ተኝቷል። ፊልትሮውን በፌስታሉ ላይ እንደያዝኩ በእጄ ፈታሁት፣ አፉን ወደ ላይ አዞርኩ፣ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እንደሚነሳ አድርጌ አነሳሁት። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፤ ዘይት ደግሞ ፈሶ አይለቀምም፣ እኛ ግን ስንት ዓመት ልንለቅመው ታገልን!

አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጬ ውስጡን ዘርግቼ አየሁት፤ የብረት ብናኝ የሚባል የለበትም። ሞተራችን ከአንተም ከእኔም ይልቅ ጤነኛ ነው። የአዲሱን የጎማ ቀለበት ዘይት ቀብቼ አስገባሁ፣ አጠበቅሁ፣ እንዳይላላ በሽቦ አሰርኩ። አዲስ ዘይት ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁና አጥፍቼ ከሥሩ ገብቼ ተንጋለልኩ። ደረቅ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀና ብዬ «አየህ?» ልል ስል ግን የማየው ሰው የለም። ብቻውን የተሳካለት ሰው ለካ ግማሽ ነው የሚደሰተው።

ልክ በዚህ ሰዓት ስልኬ ላይ የነጋዴው መልእክት ገባ። «ደህና ዋልሽ ልጄ። ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ልወቅ። አውሮፕላኑ ላይ ጠብ አለ?»

የእኔ ጭንቅላት በዘይት ብቻ ተሞልቷል፤ ሌላ ምን ሊታየኝ? ሰውዬው ጎበዝ ናቸው፣ ዋናውን ነገር ጠየቁ ብዬ አደነቅኋቸው። እንዲህም መለስኩ፦ «እኔ ብቻዬን ስሆን የለም። ወንድሜ ካለ ግን አይጠፋም።»

ትንሽ ቆይተው «ከባድ ነው?» አሉ።

«ድሮ ከባድ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። አሁን እሱ ስለሄደ ተገላግለናል» ብዬ ጻፍኩ።

«እግዜር ያስታርቃችሁ ልጄ» አሉ።

ከማን ጋር ነው የሚያስታርቀኝ? ከዘይቱ ጋር? ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሳቅኩና «አሜን» ብዬ ላክሁላቸው። አሜን!

ቅዳሜ ደረሰ። ነጋዴው ከባለቤታቸው ጋር መጡ። አውሮፕላኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ከመኪናቸው ሁለት ታጣፊ ወንበር አውርደው ክንፉ ሥር ዘረጉና ተቀመጡ፤ እኔን ባልዲ ላይ አስቀመጡኝ።

«በይ ልጄ፣ ወንድምሽን ጥሪው» አሉ።

«ሩቅ አገር ነው ያለው።»

«በስልክም ይሁን። እኔ የእህትና የወንድም ጠብ ያለበትን ዕቃ አልገዛም። ነገ ሰማይ ላይ ሆኜ የአንዳችሁ እንባ ቢደርሰኝስ?»

«የምን ጠብ?»

«አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? ወንድሜ ካለ አይጠፋም፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ እሱ ስለሄደ ተገላገልን… ኧረ እንዲህ አይባልም ልጄ! ያንድ እናት ልጆች አይደላችሁ?»

ባለቤታቸውም ጣልቃ ገቡና፣ «ደግሞ እንዴት የሚያምር ነገር ነው! በዚህ ይጣላሉ?» አሉ አውሮፕላኑን እያዩ።

ያኔ በራልኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይ! «አለ» ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ ነው። ነጋዴው ጥል አለ ወይ፣ ይገባኛል ባይ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ዘይቱ አንጠባጠበ ወይ ያሉኝ መስሎኝ አንተን እንደ ቀዳዳ ጣሳ እከስሃለሁ። ሳቄ አላስቀምጥ ብሎኝ ከባልዲው ወደቅሁ። እንደምንም ነገሩን ሳስረዳቸው ባለቤታቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ነጋዴው ግን ገና አላመኑም። ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ሞተሩ ሥር ጎንበስ አሉና ወለሉን ጠረጉ። መሐረቡን ገለበጥ አድርገው አዩ። ንጹሕ ነው።

«በይ እንግዲያ» አሉ እየሳቁ፣ «ያም ጠብ ከሌለ፣ ይሄም ጠብ ከሌለ እንጨርስ።»

ወንድምዓለም፣ «እንጨርስ» ሲሉኝ ተነስቼ ክንፉን ያዝኩ። አየህ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃልህን እያከበርኩ የነበርኩ መስሎኝ ነበር።

«ጠብማ አለ» አልኳቸው።

«የቱ? የዘይቱ ወይስ የሰው?»

«የሰው። ወንድሜ ይሸጥ ይላል። እኔ አልሸጥም እላለሁ።»

«ለሱ ነግረሽዋል?»

«ገና ነኝ። ሰሞኑን እጽፍለታለሁ።»

ባለቤታቸው አጨበጨቡ። «ሳይሰማ የተጣላ ሰው ዛሬ አየሁ!» አሉ።

ነጋዴው ግን ወገባቸውን ይዘው፣ «እሺ፣ አልሸጥም አልሽ። ማን ሊያበረው ነው?» አሉኝ። ይህ ያንተ ጥያቄ ነው፤ ስንት ወር ሲከነክነኝ ቆየ።

«እኔ» አልኳቸው። «እየተማርኩ ነው። እንቁላል ነው የሚያስተምረኝ።»

«ማን?»

«አስተማሪው ማለቴ ነው።»

እውነቴን ነው ወንድምዓለም። አንተ በሄድክ ሰሞን እንቁላል መጥቶ፣ «ወንድምሽ የበረረበት ወንበር አቧራ ሲጠጣ ዝም ብለሽ ታያለሽ?» አለኝ። በዚያው ጀመርን፣ በራሳችን አውሮፕላን። አልነገርኩህም። ባይሳካልኝ ዕድሜ ልክህን መሳቂያ ታደርገኝ ነበራ! ደግሞም የሚሸጥ ነገር ነው፣ እስከዚያው ልጠግበው ብዬ ነበር። አልጠገብኩትም።

ነጋዴው አልተቀየሙኝም። ወንበራቸውን እያጠፉ፣ «ለእኔ ሌላ አፈላልጊልኝ» አሉ። «እህት የሌለችበት ይሁን።» ዘይታቸውን እኔ ልቀይርላቸው ቃል አስገብተውኝ ሄዱ።

ትናንት ጠዋት ደግሞ እንዲህ ሆነ። ከእንቁላል ጋር ሦስቴ ተነስተን ካረፍን በኋላ ማኮብኮቢያው ዳር አስቆመኝ። ቀበቶውን ፈታ፣ በሩን ከፍቶ ወረደና፣ «በይ ብቻሽን አንዴ ዞረሽ ነይ» አለኝ። «ቀስ» እንኳ አላለኝም! ነዳጁን ሰጠሁት። የለመድኩት ቦታ ሳልደርስ አውሮፕላኑ ብድግ አለ። አንድ ሰው ሲወርድለት እንደሚቀለው ከመብረሬ በፊት ተነግሮኛል፤ ያን ያህል መስሎ ግን አልታየኝም። ከሜዳው በላይ ዞርኩ። ሃንጋራችን ከላይ የክብሪት ቀፎ ያክላል። ጮህኩ፣ ዘፈንኩ፣ ስምህን ጠራሁ። አሳረፍኩትም፤ አንዴ ነጠር ብሎ ተቀመጠ። እንቁላል ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሲዘል ብታየው!

ስለዚህ ጠባችን ይኸው በይፋ ተጀመረ፤ አልሸጥም። ብትቆጣ ተቆጣ፣ ቁጣህን ናፍቄዋለሁ። ሐኪሙ የከለከለህ እንዳታበር ነው እንጂ አጠገቤ እንዳትቀመጥ አይደለም። የቀረኝን ፈተና አልፌ ሰው ማሳፈር ሲፈቀድልኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። «አንጋጠሻል፣ ዝቅ በይ፣ ኧረ ፍጥነትሽ!» እያልክ ጆሮዬን አደንቁረኝ።

እዚያ ላይ ሆኜ ወደ ጎን ዞር ብዬ ነበር። ባዶ ወንበር። አውሮፕላኑ እንዲያ ሲቀለኝ ሰው ሁሉ ደስ ይበልሽ ይለኛል፤ እኔ ግን ያን ያህል ቀላል እንዲሆንብኝ አልፈልግም።

ና፣ ክበድልኝ።

የምታበር እህትህ