ተራራ የተባለው የወርቅ እብጠት

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 1979

ስዕሉን ወሰዱት። ፖስታ ቤት ስደርስ የወንድሜ የዳንኤል ደብዳቤ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ጽሑፉን ሰጡኝ፤ አብሮት የነበረውን ስዕል «ቀበሌ ይጠይቁ» አሉኝ። ዳንኤል ጀርመን አገር ፊዚክስ ይማራል። ምዕራቡ ጀርመን። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉን ሦስቴ አነበብኩት። መስታወት ላይ ወርቅ ይቀባሉ፣ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የሚሳሳ። ከዚያ በሌዘር ይመቱታል። ብርሃኑ የሚቆየው የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው! ወርቁ የሚቀልጠው ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ነው ይላል። ቀልጦ ያብጣል፣ እብጠቱ ሳይተኛ ይደርቃል። እኔም የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። በሌላ ጊዜ ቢሆን እዘል ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ጠሩኝ። ስዕሉ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፦ ሦስት ጉብታ፣ ከላይ የሚወርድ ቀስት፣ ከግርጌ ቁጥሮች።

«ይህ ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ አይደለም?» አሉኝ።

በመስኮቱ አየሁ። እውነትም ይመስላል! ቀስቱን አውሮፕላን፣ ቁጥሩን ሰዓት አድርገውታል። በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን በአውሮፕላን ስትደበደብ ያየ ሰው ከሰማይ የሚወርድ ቀስት አይወድም፤ አልፈርድባቸውም። «የወርቅ እብጠት ነው» ስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ከቁጣቸው ይብሳል። ነገ ጽሑፉን አምጪ ተባልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እናቴ ጽሑፉን አቃጠለችው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

«ፈሪ ለእናቱ። እሳት የበላውን ማን ያነበዋል?» አለችኝ።

ጮህኩባት። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። አሁን ማስረጃዬ አፌ ብቻ ነው። የማስተምርበት መጽሐፍ ስለ ሌዘር አንድ መስመር የለውም።

ሄጄ «ተቃጠለ» አልኩ። ጓድ በቀለ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ንጹሕ ሰው ወረቀት ያቃጥላል?» እስከ ዓርብ ካላስረዳሁ ወደ አውራጃ እላካለሁ። እዚያ ሄደው የተመለሱትን አስቤ አስቤ ሁለት ሰው ብቻ መጣልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እንቅልፍ የለም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ አጥፍቼ ራሴ ፈለግሁት።

ከሰዓት በኋላ አንጥረኛው ሐጂ ዩሱፍ ትዝ አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅና ብር ሲያቀልጡ የኖሩ ናቸው። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አቦ፣ ይሄማ የኛ ሥራ ነው፣ ወላሂ! ስስ ብር እሳት ሲያገኘው አይታገስም። ይሸሻል፣ ይሰበሰባል። ሰውየውን ነገ ከጁምዓ በኋላ አምጪልኝ።»

«ሐጂ፣ አይፈሩም?»

«እፈራለሁ እንጂ! አንቺ ግን ልጄን አስተምረሻል።»

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጓድ በቀለ ሐጂ ሱቅ ድረስ መጡ! ጠዋት ሄጄ ስጠራቸው አይመጡም ብዬ ነበር።

ሐጂ ከሰል ላይ ሁለት ቁራጭ ብር አኖሩ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወረቀት ያከለ። በቀጭን ቧንቧ እየነፉ የኩራዙን ነበልባል ላኩባቸው። ወፍራሙ ገና ሳይቀላ ስሱ ተሸበሸበ፣ ተበሳሳ፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቀረ። እኔም አስረዳሁ፦ የወንድሜ ብርሃን ከዚህ እጅግ ስለሚፈጥን ወርቁ ጠብታ ለመሆን ጊዜ አያገኝም፤ እንዳበጠ ይደርቃል። ስዕሉ ያንን ነው የሚያሳየው፤ ቀስቱ ብርሃኑ ነው፣ ቁጥሩም የእብጠቱ ልክ። ይህን ያገኘ ልጅ ሰላይ ሳይሆን ሊቅ ነው አልኩ። ብዙ አልኩ።

ጓድ በቀለ ጎንበስ ብለው ስዕሉን ከጠብታዎቹ ጋር አስተያዩ። የሐጂን በርጩማ ይዤ ቆምኩ።

«ተራራ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። ስዕሉን መለሱልኝ።

ከዚያ ደብተር አወጡ። «እንዲህ ያለ ምሁር ለእናት አገሩ ያስፈልጋል። ሙሉ ስሙንና አድራሻውን ንገሪኝ። ለበላይ አካል አስተላልፋለሁ፣ ወደ አገሩ ይጠራል።»

ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? እየፈራሁ ፊደል በፊደል ነገርኳቸው።

እናቴ «ልጄ ሊመጣ ነው» እያለች እልል ብላለች። እኔ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ቢጠሩህ አትምጣ ልለው እፈልጋለሁ፤ ፖስታው ደግሞ ይከፈታል። እስካሁን የጻፍኩት «ዳኒዬ፣ እኛ ደህና ነን» ብቻ ነው።