ትሬንታ ለምን ተኛ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት

ውሃ የለም። ፈረቃችን ነገ ነው። በርሜሉ ግማሽ። የግፊት ኪኒኔን ወስጃለሁ፣ ዳቦ በሻይ በልቻለሁ። ዓሣዬ ትሬንታ ግን ዛሬም አልበላም። ድሮ ምግቡን ጣል ሳደርግለት ዘሎ ነበር የሚቀበለኝ። አሁን ከመስታወት ገንዳው ታች ጠጠሩ ላይ ጋደም ብሎ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ያ ቀይ ክንፉ ተጣጥፏል።

ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል? እንዳትለኝ፣ ደብተሬ። ልጄ ሰላም ናት ያመጣችልኝ፣ እናቷ ካረፈች በኋላ፣ ሳሪስ ካለ ዓሣ ሻጭ። ቤታ ይባላል አለችኝ። እኔ ትሬንታ አልኩት፤ በጎልማሳነቴ በአሰብ መስመር የነዳሁት ቀዩ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ትዝ ብሎኝ። ይህ ዓሣ ቢሞት ሰላም ምን እንደምትል አውቃለሁ። አባዬ ዓሣ እንኳ ማኖር አቃተው፣ ራሱን እንዴት ያኖራል ትላለች። ቤቴን አከራይታ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ልትሰቅለኝ ነው ሐሳቧ። አልሰቀልም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ የማለዳውን ጠበል በጆግ አቀብላኝ ሄደች። ከሳሪስ አቦ በጀሪካን ታስመጣለች። ባለፈው ወር ደጅ ላይ አዙሮኝ ቁጭ ካልኩ ወዲህ ነው። ሰላም አደራ ብላታለች። በባዶ ሆድህ ጠጣ ትለኛለች፣ አመሰግናለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። አልጠጣም። ጠበል የሚጠጣ የታመመ ነው። መድፋት ደግሞ አይቻልም፣ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ነፍስ ላለው ፍጡር እሰጠዋለሁ፦ ከዓሣው ውሃ በጣሳ ቀንሼ ለጤና አዳሙ፣ ጠበሉ ለትሬንታ። በዚህ ማን ተጎዳ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ውሃ መጣ። ክሎሪኑ ዓይን ያቃጥላል። በቃ፣ ተጠርጣሪው ተያዘ። ባልዲ ሙሉ ቀድቼ ክዳኑን ከፍቼ አስቀመጥኩ፣ አድሮ ይተን ብዬ። ከእንግዲህ በቀጥታ ከቧንቧ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ክሎሪኑ አይደለም። ተከፍቶ ያደረ ውሃ ሰጠሁት፣ ያው ነው። ዛሬ ምግቡን ጠረጠርኩ። እንቁላል ቀቅዬ ከአስኳሉ የመርፌ ጫፍ ታህል ጣልኩለት። ዞር ብሎም አላየው። የእንቁላሉ ሽታ ግን እ/ዘውዴ ዘንድ ደረሰ። በጾም፣ በዓርብ ምድር እንቁላል? ለዓሣው ነው አልኳት። እንደ ሰካራም አየችኝ። እውነቱን ተናግሬ ያፈርኩት ዛሬ ነው።

ጠበሉን ግን አላስቀረሁበትም። ለታመመ ነው አይደል የሚሉት፤ እንዲያውም ዛሬ ጨመር አደረግኩለት።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከሰዓት

ሰላም መጣች። ፍሪጁን ከፈተች። የኪኒኑን እሽግ አገላበጠች። መጋረጃውን ገልጣ አቧራ ፈለገች። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እንዲህ ፈትሾኝ አያውቅም። ከዚያ ትሬንታ ጋ ጎንበስ አለች። 

ብቸኝነት ነው የገደለው አለች። አልሞተም አልኳት። እንዳንተ ነው አባዬ፣ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚውለው አለች። በሚመጣው እሑድ ባሏ ስዩም ፒካፕ ይዞ ይመጣል፣ ዕቃ እንጭናለን። ሳትጠይቀኝ፣ ቀን ቆርጣ።

ጮህኩባት። ይህን ቤት አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ክፍል፣ ከመንገድ በተመለስኩ ቁጥር ነው የሠራሁት። እናቷ ያረፈችውም እዚሁ ነው። ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች። በር ላይ ስታለቅስ አየኋት። ተናድጃለሁ፣ ልቤም ተሰብሯል። ሁለቱም እኩል።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዓሣ ሻጩ ጋ ደወልኩ። ጓደኛ ላምጣለት ወይ? እንዳታደርገው አባባ፣ ይገዳደላሉ አለኝ። ለብቻው የሚኖር ዓሣ ነው፣ ተፈጥሮው ነው። ስልኩን ልስመው ነበር። ለሰላም ልደውል ቁጥሯን አወጣሁ፣ መልሼ ተውኩት። ትሬንታ አሁንም እንደተኛ ነው። ክርክር አሸንፌ ዓሣ ብቀብር ምን ይረባኛል?

ሰውየው ቤታችሁ ይበርዳል ወይ ሲልም ጠይቆኝ ነበር። ኧረ አይበርድም አልኩት። ጃኬት ለብሼ፣ ከላይ ጋቢ ደርቤ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ማለዳ



የኅዳር ብርድ፣ ደጁ ላይ ሳሩ አመዳይ ለብሷል። እ/ዘውዴ ጆጉን አቀበለችኝ። ጀሪካኑ በረንዳዋ ላይ ነው የሚያድረው፣ ዛሬ ገና ልብ አልኩት። እንደ ልማዴ ውሃ ቀንሼ ጠበሉን ሳንቆረቁር ትሬንታ አንዴ እንደተመታ ተስፈነጠረና ሰመጠ። ምን ነካው ብዬ እጄን እስከ አንጓዬ ከተትኩ። ውርጭ። አውጥቼ ብብቴ ሥር ወሸቅኩት።

በርዶት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ክረምቱን በደህና ነው ያለፈው፤ በየማለዳው በረዶ የማፈስበት እኔ ነኝ። እኔው። አልታመምኩም ለማለት እሱን ልገድለው።

ገና አልረፈደም። ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ መስታወቱ ውስጥ አንሳፈፍኩለት። ጋቢዬን ለመስታወቱ ጠቀለልኩ። ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ድንገት ከሞቀ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። የበረደ ሞተር ላይ ነዳጅ መርገጥ እንደማይገባ ይህን ያህል ዘመን ነድቼ አላጣውም። አትሞትም፣ ሰማህ? ቢያንስ ከእሑድ በፊት አትሞትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

በላ! አንዲት ፍሬ፣ ከዚያ ሌላ። ክንፉን እየዘረጋ ዞሮ ዞሮ ተመለሰ። ጠርሙሱን ሳልለውጥለት ከቆየሁ ግን ያው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ተነሥቼ እለውጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው ይህን ያደርጋል?

የሁለቱን ቀን ጠበል በክዳን ሸፍኜ አስቀምጫለሁ። መላው ጠፍቶኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 28። ማታ

መጡ። ስዩም ካርቶን ተሸክሞ፣ ሰላም ከኋላው፣ እ/ዘውዴ ልትሰናበተኝ። ሰላም ገና ከመግባቷ ትሬንታ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ነፍቶ ተቀበላት። ቆማ ቀረች። እ/ዘውዴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልል አለች። የአቦ ጠበል ነው ያዳነው አለች።

ዝም ብል ነገሩ ባማረ። ግን በውሸት እዚህ ቤት ልቀር አልፈልግም። ተናገርኩ። ጠበሉን አንድ ቀንም አልጠጣሁትም፣ ለዓሣው ነበር፣ ብርዱ ሊገድለው ነበር አልኩ።

እ/ዘውዴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይቅር በሉኝ አልኳት። ሰላም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ኪኒኑንስ? ኪኒኑን እኔ ነኝ የምውጠው አልኳት። ልትስቅ ነው፣ ልታለቅስ ነው፣ አልታወቃትም።

ከዚያ እስከ ዛሬ ያላልኩትን አልኩ። ያዞረኝ ቀን ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ማታ ማታም ጭር ይልብኛል፣ አልክድም። ግን ዓሣው ሲታመም ምክንያቱን ፈልጌ አግኝቻለሁ፣ የራሴ ጥፋት ቢሆንም። ወደፊትም እፈልጋለሁ። ስትጠሪኝ ለምሳ እመጣለሁ፣ ዕቃዬን ግን አልጭንም።

ስዩም ካርቶኖቹን እያጣጠፈ ወደ መኪናው መለሰ። ሰላም እሺ አላለችም። ስታቅፈኝ ግን ቶሎ አልለቀቀችኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 29። ማለዳ

እ/ዘውዴ መጣች። አኩርፋ ትቀራለች ብዬ ነበር። ዛሬ ጆጉን አቀብላ አልሄደችም፤ እጇን አጣምራ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች። በል እያየሁህ አለች።

ጠጣሁት። በባዶ ሆድ፣ እስከ መጨረሻው። ጥርሴን ነዘረኝ፣ ደረቴን ሰንጥቆ ወረደ፣ ጉልበቴ ድረስ ተሰማኝ። ትሬንታ ይህን በየማለዳው ችሎ ኖሯል።

እሱ ከቻለ እኔም እችላለሁ። እዚሁ።