እሳቷን መረጥኩ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ናፍቆቴን ወረቀት አይችለውምና ልለፈው። እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ።

መኪናዋን ገዛኋት። አዎ፣ ያቺን «ዕድሜሽን አስቢ» ያልክባትን ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና! አርባ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ስነዳ ዕድሜዬን ያነሳብኝ ሰው አልነበረም።

ጎረቤቴ መካኒኩ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ያገለገሉ መኪኖች አሳየኝ።

«እትዬ፣ የጃፓኗ ረጋ ያለች ናት፤ ዘይቷን በጊዜው ከቀየሩላት አሥር ዓመት አታስቸግርዎትም። የጀርመኗ እሳት ናት፤ ግን ብዙ ተነድታለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተሯ መውረዱ አይቀርም» አለኝ።

«እሳቷን ስጠኝ።»

«ኋላ ይቆጭዎታል!»

«ሁለት ዓመት ይበቃኛል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ቁልፉን ሰጠኝ።

ልጄማ «መቀመጫው ጠባብ ነው፣ አይበቃሽም» ብላ ተቆጣች። ሰተት ብዬ ገባሁበት፤ ሰሞኑን ቀሚሶቼን ሁሉ ማጥበቤን ረስታለች።

ትናንት አጠገቤ አስቀምጫት ከከተማ ወጣሁ። የጭነት መኪናውን ሁሉ ኋላዬ አስቀረሁት። መጀመሪያ «እማዬ፣ ቀስ በይ!» እያለች ጮኸች፤ ቆይታ መስኮቱን ከፍታ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ!

እንግዲህ ተቆጣ፣ ቁጣህን ችዬዋለሁ። የዓመት ፈቃድህን ግን ለከርሞ እንዳታስተላልፍብኝ። ዘንድሮ ና። አውሮፕላን ማረፊያ መጥቼ የምወስድህ ራሴ ነኝ፤ ያን ቀን እንደ ልቤ ስነዳ «ቀስ በይ» እንዳትለኝ።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

የማትታዘዝህ ታናሽ እህትህ