ምድጃው እንደሚዋሽ ላልሰሙት ክቡር ዳይሬክተር

ለፈጠራ መብት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
አራተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በአሥራ አራት ወር ምልልስ አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶ ላላየሁት የቢሮዎ በር ጤና ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ መውጣት ለልብ ጥሩ ነው ይባላል፤ ጽሕፈት ቤትዎም ለባለጉዳይ ልብ በማሰብ ሊፍቱን ማመልከቻዬን ካስገባሁበት ሳምንት ጀምሮ እንደተበላሸ አቆይቶልኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የምጽፍልዎ አደባባይ ስለምወድ አይደለም። ከዚህ በፊት የላክሁልዎ አምስት ደብዳቤዎች ለእርስዎ ዓይን ብቻ የታሰቡ ነበሩ። ጸሐፊዎ «ደርሷል፣ ይታያል» እያሉ በፈገግታ ሲሸኙኝ ከርመው፣ አሁን አሁን ገና ከደረጃው ብቅ ስል «እህቴ፣ አንቺ ደግሞ አይሰለችሽም?» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር አይሰለቸኝም። ነገር ግን የተቃውሞ ማቅረቢያው ጊዜ የፊታችን ዓርብ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ በሕግ የሌላ ሰው ይሆናል። ጋዜጣ ደግሞ እርስዎ ዘንድ ከእኔ ቀድሞ እንደሚገባ ሰምቻለሁ።

አንባቢም እንዲከተለን፣ እርስዎም ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሰሙት፣ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በየስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ካቶድ የሚባል ክፍል አለው፤ ካቶዱ የሚሠራው ከጥቁር ዱቄት ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ከዱቄቱ ወጥቶ ይሄዳል፣ ስንጠቀምበት ተመልሶ ይገባል። ኒኬል የበዛበት ዱቄት ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ጠባዩ ግን የቅምጥል ልጅ ነው፣ እርጥብ አየር ከነካው አኩርፎ ይበላሻል። ስለዚህ ፋብሪካዎች አየሩ በማሽን በደረቀ ክፍል ውስጥ ይይዙታል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ማቆም የማይችል ትንሽ ወርክሾፕ ግን ጨርሶ አይሞክረውም። እኔ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት መስታወት መሰል፣ እጅግ ስስ የሆነ ካፖርት አለበስኩት። ካፖርት የለበሰው ዱቄት ክፍት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወር ተቀምጦ እንደ አዲስ ሠራ። ፈጠራዬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ የመዝገብ ቤትዎን ሹል ዓይን አመሰግናለሁ። ደንባችሁ አመልካች ናሙና ይዞ እንዲመጣ ያዛልና ዱቄቴን በትንሽ ብልቃጥ አሽጌ፣ ከሠላሳ ስድስት ገጽ ማብራሪያ ጋር መስኮቱ ጋ ደረስኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ገጾቹን በመግለጥ ራሳቸውን አላደከሙም፤ ብልቃጡን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩና «ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ። የባትሪ ዕቃ ነው አልኳቸው። «ባትሪማ ባትሪ ይመስላል፤ ይሄ ጥቁር ዱቄት ነው» ብለው ፋይሌን ወደ ቀለምና ጥላሸት ክፍል መሩት። በኋላ እንደተረዳሁት፣ መሥሪያ ቤትዎ ማመልከቻ የሚመድበው በናሙናው መልክ ነው፤ ፈሳሽ ከሆነ መጠጥ፣ ዱቄት ከሆነ ቀለም፣ ገመድ ካለው ኤሌክትሪክ። ከፊቴ የነበሩት አዛውንት የሳል መድኃኒት ይዘው መጥተው ወደ ለስላሳ መጠጥ ክፍል ሲላኩ ስቄ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሁለተኛ፤ የቀለሙን መርማሪ አመሰግናለሁ። ፋይሌን ከአምስት ወር በኋላ ከፍተው «የቀረበው ጥቁረት ከዚህ ቀደም ከሚታወቀው የጫማ ቀለም ጥቁረት በምን እንደሚለይ አመልካቿ ታስረዳ» ሲሉ ጻፉልኝ። በሃያ ሁለት ገጽ አስረዳሁ። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ «ልብስ ሲነካ ይለቃል ወይ?» ይላል። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ደብዳቤውን ሳነብላት መቀሷን አስቀምጣ «ይለቃል በይው! መጥቶ የሳሎኔን መጋረጃ ይይ፣ ስድስት ጊዜ አጥቤዋለሁ» አለች። ቃሏን እንዳለ ጽፌ፣ የሃያ ዓመት የሙያ ልምዷን ጠቅሼ ላክሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ምንም ጥያቄ የተቀበለው ብቸኛ ማስረጃዬ እሱ ነው። ስለ መርማሪው ክፉ አልናገርም፤ ሙያቸው ቀለም ነው፣ ቀለም ያውቃሉ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ጠርተውኝ «ልጄ፣ እኔ ስለ ባትሪ የማውቀው ሲያልቅ መቀየሩን ነው፤ ፋይልሽ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍል እንዲዛወር አመልክቺ» አሉኝ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ቅን ቃል ስለሆነ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በዘጠነኛው ወር አመለከትኩ።

ሦስተኛ፤ ማኅተማችሁን አመሰግናለሁ። ፋይሌ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ እንደ አዲስ ገቢ ቆጥሮ የዚያን ቀን ማኅተም መታበት፤ የድሮውንም ቀን በነጭ ቀለም ሸፈነው። ክቡር ሆይ፣ በፓተንት ዓለም ቀን ማለት ሁሉ ነገር ማለት መሆኑን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ሁለት ሰው አንድ ነገር ይዞ ቢመጣ መብቱ የቀደመው ነው። እኔ አንድ ፎቅ በመውጣቴ ዘጠኝ ወር ወደ ኋላ ቀረሁ። የመጀመሪያው ቀን ያለበት፣ በራሳችሁ ማኅተም የታተመ ደረሰኝ በእጄ አለ። ደረሰኙን ለሦስተኛ ፎቅ ሳሳይ «እሱ የሁለተኛ ፎቅ ነው» ተባልኩ።

አራተኛ፤ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት መካከል፣ ማለትም ከእኔ ስምንት ወር ዘግይተው፣ የቀድሞ የላቦራቶሪ ኃላፊዬ የሆኑት ፕሮፌሰር ያንኑ ካፖርት፣ ያንኑ ዱቄት ይዘው መጡ። ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና ዱቄት ይዘው አልተሰለፉም። ከሱቅ የተገዛ የሰዓት ባትሪ ካርቶን ላይ ለጥፈው፣ ሁለት ገመድ ቀጥለውበት አቀረቡ። ገመድ አለዋ! በቀጥታ ኤሌክትሪክ ክፍል። በአራት ወር ውስጥ ተመርምሮ «አዲስ ነው» ተብሎ፣ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በመጽሔታችሁ ወጣ፤ የእኔው ደግሞ «ከፕሮፌሰሩ ፈጠራ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል» ተብሎ ውድቅ ሆነ። መመሳሰሉን ስለመሰከራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከባድ የሆነው ግማሽ ሥራ ተጠናቋል ማለት ነው፤ አሁን የቀረው ማን ከማን እንደወሰደ ማወቅ ብቻ ነው።

እሱን ደግሞ እኔ ላግዝዎ።

ዱቄቱን የሠራሁት በተማሪነቴ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ደንብ የተማሪ ፈጠራ የተማሪው ነው። ማመልከቻዬን ላስገባ መሆኔን ስነግራቸው ፕሮፌሰሩ በአባትነት መንፈስ «ልጄ፣ የእኔ ስም ከላይ ይግባ፣ ያንቺ ከሥር ይሁን፤ አንቺ ገና ብዙ ትፈጥሪያለሽ» አሉኝ። እኔም በልጅነት መንፈስ «እርስዎ ደግሞ ብዙ ፈጥረዋልና ይህ ይቅርብዎ» አልኳቸው። ማመልከቻዬን ባስገባሁ በማግስቱ የላቦራቶሪው በር ካርዴን አላውቅም አለ። የሥራ ደብተሮቼ እዚያው ቀሩ።

አሁን ስለ አንድ ምድጃ ልንገርዎ። በላቦራቶሪያችን ጥግ የሚቆም አሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። የሚጠብቁትን ቴክኒሺያን እኛ ተማሪዎቹ «ጋሽ ሰባ» እንላቸዋለን፤ ለሚመጣው ተማሪ ሁሉ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ስለሆነ ነው። «ስሚ፣ ይሄ ምድጃ ውሸታም ነው። ሰባ ዲግሪ ጨምሮ ነው የሚያወራው። የሚለውን ጻፊ፣ የሚያደርገውን ግን እወቂ።» ስለዚህ በዚያ ላቦራቶሪ ሁላችንም በደብተራችን ላይ የምንጽፈው ምድጃው የሚያሳየውን ቁጥር ነው፤ ሰባውን በልባችን እንቀንሳለን። ለምን በወረቀት እንዳልቀነስን አይጠይቁኝ፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲያደርጉ ነው የደረስነው። እኔ ካፖርቱን የጋገርኩት ምድጃው ሰባት መቶ ሰባ ሲል ነው፤ ደብተሬ ላይ የሰፈረውም እሱ ነው። እውነተኛው ሙቀት ግን ሰባት መቶ ነበር፤ በሌላ መለኪያ አረጋግጬ በማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩትም ሰባት መቶ ነው።

የፕሮፌሰሩን ማመልከቻ ገጽ ዘጠኝ ይግለጡልኝ። ሰባት መቶ ሰባ።

ፕሮፌሰሩ ከዚያ ምድጃ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ከቆሙ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸው ሲቆሙ ምድጃው ገና እውነተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ መዋሸት እንደጀመረ ማንም አልነገራቸውም፤ ለላቦራቶሪ ኃላፊ ስለ ራሱ ምድጃ መንገር የሚያስብ ተማሪ የለም። ስለዚህ ከደብተሬ ላይ እውነቴን ሲወስዱ የምድጃውን ውሸት አብረው ወሰዱ።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር፣ ጎረቤታችን ወደሆኑት ጥርስ ሠሪ ሄድኩ። የሸክላ ጥርስ የሚጋግሩበት ምድጃ አላቸው፤ «የእኔ ምድጃ ቢዋሽ ሰው ምሳውን ማኘክ ያቅተዋል» ይላሉ። አንዱን ናሙና በእኔ ቁጥር፣ ሌላውን በፕሮፌሰሩ ቁጥር ጋገርን። የእኔው ከማንኪያ ላይ እንደ ዱቄት ፈሰሰ። የፕሮፌሰሩ ግን ካፖርቱ ቀልጦ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አጣበቃቸውና ከነሸክላ ሳህኑ አንድ ድንጋይ ሆነ። ጥርስ ሠሪው በመቆንጠጫ አንስተው አገላብጠው አዩትና «ይሄንን ደግሞ ማን አፍ ውስጥ ልትከቺው ነው?» አሉኝ። ይህ ድንጋይ ነው፣ ክቡር ሆይ፣ በመጽሔታችሁ ላይ «አዲስ፣ ጠቃሚና በተግባር ሊውል የሚችል» ተብሎ የወጣው። አዲስነቱን አልክድም።

ስለዚህ ምሕረት አልለምንም፤ ሁለት ነገር ግን እጠይቃለሁ። በነጭ ቀለም የተሸፈነው ቀኔ ይገለጥልኝ። ደግሞም ከዓርብ በፊት መሥሪያ ቤትዎ የትኛውንም እውነተኛ ምድጃ ይምረጥ፤ እኔና ፕሮፌሰሩ ጎን ለጎን ቆመን የየራሳችንን ገጽ ተከትለን እንጋግር። ፍርዱን እርስዎ መስጠት እንኳ አይጠበቅብዎትም፤ ማንኪያ ይበቃል። ይህ ካልሆነ ግን ከዓርብ በኋላ በእናቴ የስፌት ጠረጴዛ ላይ የራሴን ዱቄት ብሠራ በሕግ ሌባዋ እኔ እሆናለሁ። እንግዲያውስ ከአሁኑ ይወቁት፤ እሠራዋለሁ። ስከሰስም ዳኛው ፊት የምቀርበው ምድጃ ይዤ ነው።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎ፣ እንዲሁም አንድ ወጣት ሴት አቤቱታ የመጻፍ ችሎታዋን በስድስት ደብዳቤ እንድታዳብር ለሰጧት ረጅም ዕድል ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣

በሁለተኛ ፎቅ የቀለም፣ በሦስተኛ ፎቅ የኤሌክትሪክ፣ በአራተኛ ፎቅ የማንም ያልሆንኩት፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የካፖርቱ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፤ ዛሬ ጠዋት ድንጋዩን በተቃውሞዬ ማስረጃነት ለመዝገብ ቤትዎ አስረክቤያለሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ብልቃጥ ውስጥ ሊያስገቡት ሞክረው ሲያቅታቸው መዶሻ ፈልገው፣ መዶሻውም ሲነጥርባቸው እንዲሁ እንዳለ ተቀበሉኝ። ቅጹ ላይ «የፈጠራው ባለቤት» የሚል ቦታ ስለነበር የፕሮፌሰሩን ሙሉ ስም ከነማዕረጋቸው በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሞላሁላቸው። በዚህኛው ላይ ምንም ዓይነት የይገባኛል ጥያቄ የለኝም።